የማዶው ምላሽ

እስከ ሰባት ሰዓት የወፏን ስም ካላገኘች ምህረቴ ጉድ ፈላባት። ኦርኬስትራው የመጀመሪያ የሙዚቃ ድርሰቷን የሚጫወተው ቅዳሜ ነው፤ የዝግጅቱ መጽሔት ዛሬ ማተሚያ ቤት ይገባል። እሷ ደግሞ «የእንጅባራ ቀርከሃ ውስጥ ሁለት ወፎች ሲጠራሩ» ብላ በድፍረት ጽፋ ሰጥታለች። መሪው መሳፍንት ደውሎ «ምን የምትባል ወፍ ናት?» ሲላት ስሟን አታውቀውም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች! ዛሬ በማለዳ ከባሕር ዳር ሚኒባስ ተሳፍራ እንጅባራ መጣች።

አምና በጥቅምት ድምፁን የቀዳችበት ቦታ ላይ ለሁለት ሰዓት ያህል ቆመች። ሌላው ወፍ ሁሉ ይንጫጫል፤ የሷዎቹ ግን የሉም። አንደኛው ከታች «ቋ» ይል ነበር፣ ሌላኛው ከጭጋጉ ማዶ «ቋ» ብሎ ይመልስ ነበር። ስልኳን በየደቂቃው ታያለች። አራት ሰዓት ሆነ። ተሰደው ይሆን? ወይስ ከነጭራሹ ወፎች አልነበሩም?

አንድ ሽማግሌ ዶማ ተሸክመው ብቅ ሲሉ ሮጣ ደረሰችባቸውና ቅጂውን ከፈተችላቸው።

«አባቴ፣ ይህቺን ወፍ ያውቋታል?»

ሽማግሌው ዶማቸውን መሬት ላይ አሳረፉ።

«ወፍ አይደለም ልጄ። ይሄ እኔ ነኝ፤ ደርበው።»

የድንች ማሳቸውን ከዝንጀሮ የሚጠብቁት ከባለቤታቸው ከእታለማሁ ጋር ነበር፤ እሳቸው ከታች፣ እሷ ከላይ። ውስጡ ክፍት የሆነ ቀርከሃ ይመታሉ። ዝንጀሮው ይሸሻል፤ እግረ መንገዱንም ባልና ሚስቱ አንዱ የሌላውን ደኅንነት ያውቃሉ።

«ካረፈች ሰባት ወሯ። አሁን ብመታስ ማን ይመልስልኛል?»

ምህረቴ አፈረች። የሰው ትዳር ወፍ ብላ ልታሳትም ነበር! የኦርኬስትራውን ልምምድ ከስልኳ አሰማቻቸው፤ ጥሪው በኮንትራባስ፣ ምላሹ በቼሎ፣ በሁለቱ ትልልቅ ባለ ክር መሣሪያዎች። ደስ ይላቸዋል ብላ ነበር። ጋሽ ደርበው ጆሯቸውን አስጠግተው ሰሙና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጥሪው የኔ ነው። ምላሹ ግን የሷ አይደለም።»

«እንዴት ጋሼ?»

«ቶሎ ቶሎ ይመልሳል። የኔዋ ጉልበቷን ያማት ነበር። ቁጭ ካለች ተነስታ እስክትመታ ድረስ ነፍሴ ትጨነቅ ነበር።»

እውነታቸውን ነው። ቅጂው ላይ ምላሹ አንዳንዴ ይዘገያል፤ አንዳንዴም በጣም። ምህረቴ ግን እንደ ጉድለት ቆጥራ ሁሉንም በእኩል ምት አስተካክላው ነበር። የሥራውን ነፍስ በገዛ እጇ ያወጣችው እሷ ናት። ወዲያው ደወለች።

«መሳፍንት፣ ወፍ አይደለችም፤ እታለማሁ የምትባል ሴት ነበረች። መጽሔቱ ላይ እንደዚያ ብለህ አርም። ደግሞ ምላሹ ይዘግይ።»

«ለቅዳሜ ሁለት ቀን ቀርቶ? ተጫዋቾቹን ልታሳብጃቸው ነው? ስንት ምት ነው የሚጠብቁት?»

ምህረቴ ድምፅ ማጉያውን ከፍታ ስልኩን ወደ ጋሽ ደርበው ዘረጋች።

«ጋሼ፣ ምን ያህል እንጠብቅ ይላል።»

ሽማግሌው ወደ ማሳው ላይኛው ጫፍ አዩ።

«እስክትመልስ ነዋ» አሉ። «እኔስ ሌላ ምን አደርግ ነበር?»