ጾታ፦ ወንድ

ካቦው መጥቶ ከጀርባዋ ሲቆም እትዬ ካቻቪቴ ግማሽ አካሏን ማሽኑ ሥር ቀብራ ብሎን እያጠበቀች ነበር። ስሙን ያወጡላት አብረዋት የሚሰፉት ሴቶች ናቸው፤ ከሽርጧ ኪስ ካቻቪቴ አይጠፋማ። ስድስት ዓመት ሙሉ የሸሚዝ እጅጌ ስትሰፋ፣ መካኒኩ "መጣሁ" እያለ ሳይመጣ ሲቀር የሴቶቹን ማሽን በድብቅ የምትጠግነው እሷ ነበረች። አሁን መካኒኩ ጨርሶ ጥሎ ሄዷል፤ የፋብሪካው በር ላይም የሥራ ማስታወቂያ ተለጥፏል። "ጾታ፦ ወንድ" ይላል።

"ውጪ ከዚያ!" አላት ካቦው።

ወጣች። እጇን በሽርጧ ጠራርጋ ከጠዋት ጀምሮ በሆዷ ስታጠናው የዋለችውን ተናገረች። "አለቃ፣ ለመካኒክነቱ እኔን ለምን አይፈትኑኝም?"

"ሴት ዛሬ ታገባለች፣ ነገ ትወልዳለች።"

"እኔ እኮ አግብቼም ወልጄም ጨርሻለሁ። ከዚህ ወዲያ ምን ቀረኝ?"

ሴቶቹ ሳቁ። ካቦውም ፈገግ አለ። "አንቺ መካኒክ ከሆንሽ እጅጌውን ማን ይሰፋል? ባልሽ ሥራ ፈቶ የለ? ከምሳ በኋላ አምጪው። አንቺ ታሳዪዋለሽ።"

ባሏ ግንበኛ ነው። ይሠራበት የነበረው ፎቅ ሦስተኛው ወለል ላይ ከቆመ ስምንት ወሩ። ስትደውልለት ፂሙን ተላጭቶ በሩብ ሰዓት ከፋብሪካው አጥር ሥር ደረሰ። ምሳዋን ትታ አሮጌ የክር መወጠሪያ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። ስፌት ሲዘል መርፌው ተገልብጦ እንደሆነ፣ ክር ሲበጣጥስ የትኛው ብሎን እንደሚላላ አንድ በአንድ ነገረችው።

"እኔ ድንጋይ እንጂ ክር መች አውቃለሁ?"

"ትለምደዋለህ።"

"ደመወዙ ያንቺን እጥፍ ነው አሉ።"

"አዎ። ሥራው ግን የእኔ ነበር።"

"ያው ነው እኮ፤ የሚገባው አንድ ቤት።"

ያው አልነበረም። ግን ስምንት ወር ሙሉ ግድግዳ ሲያይ የከረመን ሰው ምን ይሉታል? ደግማ አሳየችው።

ለፈተና የቀረበለት ማሽን ስፌት ይዘላል። ባሏን ላብ አጠመቀው። ቀና ብሎ ሲያያት የራሷን ማሽን መርፌ ነቅላ፣ ገልበጥ አድርጋ መልሳ ሰካች። እሱም እንዳየው አደረገ፤ ማሽኑ ቀጥ አድርጎ ሰፋ። ካቦው ሰማያዊ ቱታ ሰጠውና ወደ እሷ ዞሮ መዳፉን ዘረጋ።

"ካቻቪቴውን አምጪ። ከእንግዲህ የመካኒክ ዕቃ በልብስ ሰፊ እጅ እንዳላይ።"

ሰጠችው፤ ለባሏ አቀበለው። ለእሷ ስሙ ብቻ ቀረላት።

ባሏ ቱታውን ለብሶ በማሽኖቹ መሃል ሲያልፍ ደረቱን ነፍቶ ነበር። ስምንት ወር ያላየችው አረማመድ ነው፤ ደስ አላት፤ እውነትም ደስ አላት። ወንበሯ ጋ ሲደርስ ግን ሴቶቹ ሁሉ እንዲሰሙ ጮክ ብሎ፣ "አንቺ ሴትዮ፣ ማሽን ሲበላሽ እንዳትነካኪ፤ እኔን ጥሪ!" አላት። ሳቁ። እሷም ከአንገት በላይ ሳቀች።

ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ማሽኗ ክሩን በጣጥሶ ቆመ። ብሎኑን ታውቀዋለች፤ በጥፍሯም ቢሆን ታላላዋለች። የቀኑን ድርሻዋን ገና አልሰፋችም፤ ካቦው ደግሞ ጥግ ላይ ቆሞ እያየ ነው። እጇን አነሳች።

ባሏ መጣ። ማሽኑን ከላይ አየው፣ ከታች አየው። ጎንበስ ብሎ ጆሮዋ ሥር፣ "የቱ ነበር ያልሽኝ?" አላት።

ካቦው ወደ እነሱ መራመድ ጀመረ።

"እኔ ምን አውቄ" አለችና እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ተቀመጠች።