ያላለቀው ጥሪ

ጋሼ ከሞተ አራት ወሩ ነው። ታላቅ ወንድሜ ነው፤ መናኸሪያው ውስጥ ግን ሁሉም «ደወል» ነበር የሚለው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የአውቶቡሶቹን መነሻ በድምፅ ማጉያ ሲጠራ ኖረ። እኔ ከእሱ ክፍል ሥር፣ መንገደኛ ረስቶት የሄደ ዕቃ የሚቀመጥበትን ክፍል እጠብቃለሁ።

ጋሼ አንድ ደንብ ነበረው፤ ጥሪ አይደገምም። «ቁጥር ሰባት፣ በር ሦስት፣ ይነሳል።» የመጨረሻዋን ቃል እንደ ከባድ ሳጥን ቀስ አድርጎ መሬት ያሳርፋታል። ከዚያ በኋላ እግሩ ላይ ብትወድቅም አይደግምልህም። «ሰው ሁለተኛ እንደሚባል ካወቀ የመጀመሪያውን አይሰማም» ይል ነበር። የመጀመሪያውን ያልሰሙት በየቀኑ እያለከለኩ ይሮጣሉ፤ ሲሮጡ የጣሉት ጃንጥላና ቦርሳ የእኔን መደርደሪያ ሞልቶት ይውላል።

ሴት ልጁ ደግሞ ሌላ ፍጥረት ናት። ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። ስታወራ የቃሉን ጅራት ይዛ ትጎትተዋለች፤ ነገሩ ማለቅ ሲገባው ሽቅብ ይወጣና አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። መሃል ላይ ድምፅዋ ጉሮሮዋ ውስጥ ይገባና ዘይት እንዳልነካው በር ሲጥ ይላል። ጓደኞቿም እንደዚያው ናቸው። አራት ሆነው ሳሎን ከተቀመጡ፣ ሌላ ክፍል ያለ ሰው የቤቱ በሮች ሁሉ የሚከፈቱ ይመስለዋል። ጋሼ «ላስቲክ» ብሎ ስም አወጣላት።

«አባዬ፣ ዛሬ እኮ ከልጆቹ ጋር ልንገናኝ ነበርርር፣ ምናምንንን…»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ጨረስኩ እኮ!»

«የቱ ጋ ነው የጨረስሽው? ብትነግሪኝ እኔም እዚያው እወርድ ነበር።»

ባለፈው ዓመት ጋሼ ጉሮሮውን ታሞ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ያ ድምፅ የተሰነጠቀ ሹክሹክታ ሆኖ ቀረ። ሐኪሙም በቀን ከጥቂት ቃል በላይ እንዳይናገር አስጠነቀቀው። ላስቲክ አልጋው ላይ ወጥታ አቀፈችውና «አባዬ፣ አሁን እኮ እንደ እኛ ሲጥ ትላለህህህ!» አለችው። ወረቀት አንስቶ ጻፈላት፤ «ውጪልኝ»።

ቦታው ክፍት ሆነ። ላስቲክ ሥራ ስትፈልግ ዓመት አልፏታል። የመናኸሪያው ኃላፊ ጋሼን ስለሚያከብር «አንድ ቀን ትሞከር» አለ። «አውቶቡስ በሰዓቱ ካስወጣች ትቀጠራለች። ካልሆነ ሌላ ሰው አለኝ።»

ጋሼ ሳምንት ሙሉ አለማመዳት። ድምፅ ስለሌለው በእጁ ነው ያስተማራት፤ ጥሪው ሲያልቅ መዳፉን ጠረጴዛው ላይ ያሳርፋል፣ እሷም መዳፉን እያየች ድምፅዋን ታወርዳለች። እቤት ውስጥ እንከን አልነበራትም። የፈተናው ቀን ግን ጋሼ «ካየችኝ ትደነግጣለች» ብሎ ጻፈልኝና እኔ ክፍል ቁጭ አለ። መዳፉን ካላየች እንደማትጨርስ ረስቶት ነው እንጂ እንዲህ ያለ ስህተት አይሠራም ነበር።

«ቁጥር ሰባትትት፣ በር ሦስትትት፣ ይነሳልልል…»

ድምፅዋ ሽቅብ ወጥቶ ቀረ። ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ቀና አለ። ዳቦ የሚገምጠው ሰውዬ መግመጡን አቆመ። ሁሉም ዕቃውን ታቅፎ የቀረውን ይጠብቃል። ቁጥር ሰባት አልተነቃነቀም። ቁጥር አሥራ ሁለት ተጠራ፤ እሱም ወይ ፍንክች። ከሩብ ሰዓት በኋላ መንገደኛው ሁሉ ተረጋግቶ ተሳፍሮ፣ አምስት አውቶቡሶች ሞተራቸውን አስነስተው ባሉበት ቆመዋል።

ኃላፊው ሸሚዙ ከሱሪው ወጥቶ እየሮጠ መጣ። «ምን ሆናችኋል? ለምን አትወጡም?»

የቁጥር ሰባቱ ሾፌር ራሰ በራውን በመስኮት አወጣ። «ልጅቷ መቼ ጨረሰች?»

«ይነሳል አለች እኮ!»

«ብላለች። ግን ምናልባት ‹ይነሳል መስሎኝ ነበር› ልትል ይሆናል፤ እኔ ምን አውቃለሁ?»

ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። ሾፌሮቹ ይህን ሁሉ ዓመት ቃሉን አልነበረም የሚሰሙት። የእጅ ፍሬን የሚለቁት የጋሼ ድምፅ መሬት ሲነካ ነው። እነሱም አያውቁትም፤ የሚያውቀው እጃቸው ነው።

«አልሆነም፣ ሌላ ሰው እጠራለሁ» አለ ኃላፊው።

ጋሼ ከወንበሩ ተነሳ። «ጋሼ፣ ሐኪሙ እኮ…» ብል በእጁ ዝም አሰኘኝ። ደረጃውን እያረፈ ወጣ፤ እኔና ኃላፊውም ተከተልነው። ላስቲክ ማይኩን እንደጨበጠች እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል። «አባዬ፣ አበላሸሁብህህህ…»

ማይኩ ክፍት ነበርና ግቢው ሁሉ ሰማት። ከታች አንዱ ሾፌር «ይኸው፣ አሁንም አልጨረሰችም!» ብሎ ጮኸ።

ጋሼ ማይኩን ከእጇ ወሰደ። በዚያች በተሰነጠቀች ድምፁ አንድ ቃል ብቻ አለ።

«በቃ።»

አምስቱም አውቶቡሶች በአንድ ጊዜ ተነቃነቁ።

ኃላፊው ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ በመስኮት ግቢውን አየ። አንድም የሚሮጥ ሰው የለም። በየቀኑ ቢሮው እየገባ የሚጮህበት፣ አውቶቡስ ያመለጠው መንገደኛ ዛሬ የለም። ወደ እኔ ዞሮ «የወደቀ ዕቃ አለ?» አለኝ። መደርደሪያዬ ባዶ ነበር። ልጅቷ እስክትጨርስ የሚጠብቅ ሰው ዕቃውን አይጥልም።

ራሱን አከከና «እሺ» አለው ጋሼን፣ «እሷ ትጥራ፤ እርስዎ ይዝጉላት። ብቻ ቶሎ ቶሎ ይሁን።»

ጋሼ በየቀኑ መምጣት ስለማይችል ላስቲክ ያቺን ቃል በማግስቱ ሲላት በስልኳ ቀዳቻት፤ ከየጥሪዋ በኋላ በማይኩ ታሰማታለች። ለጥንቃቄ አንዴ እንዲደግምላት ለመነችው። ወረቀቱን አነሳ፤ «ጥሪ አይደገምም»።

ከሞተ በኋላ ኃላፊው አዝኖላት «ድምፁን መስማት ከከበደሽ እናጥፋው» ብሏት ነበር። ሾፌሮቹ «እንግዲያው አንነዳም» አሉ። ስለዚህ ወንድሜን በቀን አሥራ አራት ጊዜ እሰማዋለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት በሬን ዘግቼ ነበር የምሰማው። አሁን በሬ ክፍት ነው።

ከስልኳም ሰርቄ ለራሴ ገልብጫታለሁ። ላስቲክ አሁን የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው። ባለፈው እሑድ ከሰዓት ጓደኛዋን በስልክ ይዛ «እናማ ከዚያያያ፣ እሱ ደግሞ ምናምንንን…» እያለች አንድ ሰዓት ተኩል ሞላት። ራሴን አመመኝ። ቀስ ብዬ ከኋላዋ ተጠጋሁና ስልኬን ተጫንኩ።

«በቃ።»

«እሺ አባዬ» አለችና ጓደኛዋ ላይ ዘጋችው።

ድምፅዋ ቁልቁል ወርዶ ቀጥ ብሎ መሬት አረፈ። ከዚያ ዞራ ስልኬን አየች፣ እኔን አየች፣ ትራሱን አነሳች።

«አክስቴ! ምን ዓይነት ሰው ነሽሽሽ!»