ከጠመኔው መስመር ወዲህ

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ፣ እትዬ እኔን እንደ ሰው አልተቀበለችኝም» አለች ችኬ። «ስምንት ዓመት ሰው አገር ኖሬ ስመጣ እቅፍ አይደለም የጠበቀኝ። ሜትር ነው።»

ለቅሶው ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። ችኬ በረንዳው ላይ፣ ከቤቱ በር ሲቆጠር ከሦስተኛው ሴራሚክ ወዲህ ወንበሯን አድርጋ ተቀምጣለች። አጠገቧ ያሉት ጎረቤታቸው፣ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡት ሾፌር ናቸው። የሻይ ብርጭቋቸውን ጉልበታቸው ላይ አዞሩ። ይህን ወቀሳ አምስት ዓመት ሙሉ ሰምተውታል።

«እኔንስ ለምን አታሚኝም?» አሉ። «ከአውሮፕላን ማረፊያ ያመጣሁሽ እኔ። በዚያ ብርድ አራቱንም መስኮት ከፍቼ፣ ጥርስሽ እየተንቀጫቀጨ።»

«እርስዎማ ታዘው ነው፣ ጋሼ። ያዘዘችው እሷ ናት።»

ለቅሶ ደራሽ ሁሉ በረንዳውን አልፎ ይገባል፣ ውስጥ አልጋ ላይ ያሉትን እናት ያጽናናል፣ ተመልሶ ይወጣል። የማትገባው የሟች እህት ብቻ ናት። ከኋላዋ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ።

«ሬሳው ሲወጣ እንኳ አልገባችም እኮ።»

«ምላ ነው አሉ።»

«መሐላው ለሬሳም አይፈታ?»

«ችኬ እኮ ናት። እናቷ ስሟን ያወጡላት ያለ ነገር መሰለሽ? በሕፃንነቷም አንዴ ችክ ካለች አለቀ ነው።»

ችኬ ሰምታለች። ጥቁር ሻርፗን አስተካከለች። የከነከናት የነሱ ሐሜት አይደለም። የከነከናት ከውስጥ የሚመጣው ወሬ ነው። እማዬ ከቀብሩ ወዲህ እህል አልቀመሰችም። ጎረቤት በየተራ ሾርባ ይዞ ይገባል፣ ሾርባው ቀዝቅዞ ይወጣል። «ከልጄ እጅ ካልሆነ አልቀበልም» ብላለች። የቀረቻት ልጅ አንድ ናት፤ ያቺ ልጅ ደግሞ ከበሩ ሁለት ሜትር ርቃ ተቀምጣለች።

ጠዋት ችኬ መልእክት ልካ ነበር። «በወንበር አድርጋችሁ ወደ እኔ አውጧት፤ አበላታለሁ።»

መልሱን ሾፌሩ ናቸው ይዘው የወጡት። «እናትሽ ምን አሉ መሰለሽ? ‹እግር እያለኝ እኔ ስወጣላት ኖሬያለሁ። አሁን ተራው የሷ ነው› አሉ።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ችክነቱ ከየት እንደመጣ ዛሬ ገባኝ።»

*

እትዬ ልብስ ሰፊ ነበረች። ያን ጊዜ፣ ወረርሽኙ በገባ በሁለተኛው ወር፣ ችኬ ትሠራበት የነበረው ቤት ባለቤቶች ትኬት ቆርጠው አሰናበቷት። አገሯ ስትደርስ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አፍንጫዋ ውስጥ ረጅም እንጨት ከተው ናሙና ወሰዱ። ቅጽ ሞሉላት። ስልክ ስላልነበራት የእትዬን ቁጥር ሰጠች። «አሥራ አራት ቀን ለብቻሽ፣ ከሰው ሳትገናኚ» አሏት። እሷም እሺ አለች። ሰው አገር የኖረ ሰው እሺ የማይለው ነገር የለም። ልቧ ግን ከእማዬ አንገት ሥር ነበር።

ከመኪናው ወርዳ ሻንጣዋን እየጎተተች በረንዳው ላይ ስትወጣ እትዬ በሩ ላይ ቆማለች። አፏና አፍንጫዋ በጨርቅ ተሸፍኗል። ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች። ሜትሩ አንድ ተኩል ነው። አንዴ ዘረጋችው፣ ሃምሳ ሳንቲ ጨመረችበት፣ ሰማያዊውን የስፌት ጠመኔ ከኪሷ አውጥታ ጨርቅ ላይ እንደምታደርገው ወለሉ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረች።

«እንኳን ደህና መጣሽ፣ እህቴ» አለች። «ከዚች እንዳታልፊ።»

እማዬ ከውስጥ «ልጄ! ልጄ!» ትላለች። እማዬ ሳንባዋ ድሮም ደካማ ነው፣ ክረምት በመጣ ቁጥር የምትታገል ሴት ናት። እትዬ በሩን በጀርባዋ ዘግታ ቆመች። አልተንቀሳቀሰችም።

የስፌት ክፍሉ ከበረንዳው ማዶ ነው። እትዬ ማሽኗን ወደ ሳሎን አግብታ በክፍሉ ውስጥ አልጋ አንጥፋላታለች። መስኮቱ ሌት ተቀን እንዲከፈት ታዟል። ሳህኗ፣ ማንኪያዋ፣ ኩባያዋ ለብቻ ነው፤ ኩባያው ከሌላው እንዳይቀላቀል ጆሮው ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል። ምግቡ መስመሩ ላይ ካለ በርጩማ ላይ ይቀመጣል፣ እትዬ ወደ ኋላ ትሄዳለች፣ ችኬ ወጥታ ትወስዳለች። ከዚያ በፊት ደግሞ እጅ መታጠብ አለ። ግድግዳው ሥር ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካን፣ በአሮጌ ካልሲ የተንጠለጠለ ሳሙና። እስከ ሃያ ቆጥሮ ነው የሚታጠቡት።

«ታጠብሽ?» ትላለች እትዬ ከውስጥ።

«ታጠብኩ። ቆዳዬን ልግፈፍልሽ?»

«አሳዪኝ።»

ችኬ እጇን ፊትና ጀርባ እያገላበጠች ታሳያለች፤ እንደ ተማሪ። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው።

ጠዋትና ማታ ሙቀት መለኪያውን ብብቷ ሥር ይዛ፣ በርጩማው ላይ ታስቀምጠዋለች። የሜርኩሪው መስመር ለሷ ዓይን አይታይም። እትዬ ጓንት አጥልቃ ወደ ብርሃን ትይዘዋለች፣ የደንበኞቿ ልኬት ደብተር ላይ ትጽፋለች።

«ሠላሳ ሰባት። ደህና ነሽ።»

በአምስተኛው ቀን ግድም ሰውነቷ ዛለ፣ ራሷን ፈለጣት፣ ምግቡም አልጣፍጥ አላት። «ጨው አልቆባችኋል?» አለች።

«እጨምራለሁ» አለች እትዬ።

«ሳሙናውስ? ጭራሽ ሽታ የለውም። ከርካሽ ርካሹን ፈልገሽ ገዛሽልኝ አይደል?»

«ሌላ እፈልጋለሁ» አለች እትዬ። «ጉንፋን ነው የያዘሽ። ተኚ፣ ውሃ ጠጪ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ እትዬ ወንበሯን መስመሩ ዳር አምጥታ መዋል ጀመረች። የአፍ መሸፈኛ በእጇ ትጠልፋለች፤ በክፍሉ ክፍት በር ችኬን ታያለች። ችኬ አልጋዋ ላይ ሆና ተንገሸገሸች።

«ምን ታፈጥጪብኛለሽ? እስረኛ ነኝ፣ አንቺ ዘበኛ?»

«ቀሚስሽን ነው የማየው» አለች እትዬ። «ደረቱ ጠቦሻል።»

አሥራ አራተኛው ቀን ሲነጋ ችኬ ተሽሏታል። ሻንጣዋን ዘግታ፣ ፀጉሯን አስራ መስመሩ ጋ ቆመች። እትዬ በሩ ላይ ናት።

«ሰባት ቀን ይቀርሻል» አለች።

«የምን ሰባት? አሥራ አራት ነው ያሉት!»

«እኔ ሃያ አንድ ነው የምለው።»

ችኬ ያኔ ነው የማለችው። «በአባቴ አጥንት! ሁለተኛ ይችን መስመር አልፌ ቤትሽ አልገባም።»

እትዬ «አትግቢ» አለች። «ብቻ ሰባቱን ጨርሺ።»

ጨረሰች። በሃያ አንደኛው ቀን እማዬ ወጥታ በረንዳው ላይ አቀፈቻት። ችኬ ከዚያው ሻንጣዋን አንስታ ቤት ተከራይታ ወጣች፤ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ በካውያ ልብስ ተኳሽ ሆና ተቀጠረች። መስመሩን እትዬ በማግስቱ አጥባዋለች። ችኬ ግን ቦታውን በልቧ ይዛዋለች። በየሳምንቱ ትመጣለች፣ ከሦስተኛው ሴራሚክ ወዲህ ትቆማለች። እትዬም አንድም ቀን ግቢ ብላ አልለመነቻትም። ትራስ ያለው ወንበር ከመስመሩ ውጭ አንድ ጣት አርቃ ታስቀምጥላታለች፤ ያቺ ጣት አንድም ሳምንት ተሳስታ አታውቅም። ካለፈው ዓመት ጀምሮ፣ የእማዬ እግር እምቢ ሲል፣ እትዬ አልጋውን ወደ መስኮቱ ስባ በመስኮት ታገናኛቸው ነበር።

ከአራት ቀን በፊት ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ቆመ። እማዬ አልጋዋ ላይ ሆና «ክር ተበጥሶባት ነው» ብላ ጠበቀች። ጠበቀች፣ ጠበቀች። እትዬን የገደላት ልቧ ነው አሉ ሐኪሞቹ።

*

ፀሐይ ወደ በረንዳው ስትዞር ከጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ መጣች፤ የሥራ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም። ጀሪካኑ ጋ ሄዳ እጇን ታጠበች። ጀሪካኑ ዛሬም አለ፤ እትዬ «ነጭ ጨርቅ በቆሻሻ እጅ አይነካም» እያለች ደንበኞቿን ሁሉ ታስታጥብበት ነበር። ነርሷ እናትየዋን አጽናንታ ወጣችና ችኬ ጎን ተቀመጠች።

«እግዜር ያጽናሽ። ችኬ አንቺ ነሽ አይደል? አይቼሽ አላውቅም እንጂ ትንፋሽሽን አውቀዋለሁ።»

«የምን ትንፋሽ?»

«እህትሽ እየቆጠረች በስልክ ትነግረኝ የነበረውን ነዋ። ውጤትሽ ከመጣ በኋላ።»

«የምን ውጤት?»

ነርሷ ሾፌሩን አየቻቸው። ሾፌሩ ብርጭቋቸውን አዩ።

«አልነገረችሽም?» አለች ነርሷ ቀስ ብላ። «በሽታው ይዞሽ ነበር። በገባሽ በአምስተኛው ቀን ነው ለእህትሽ የደወልኩት። አልጋ የሚባል አልነበረም ያኔ። ቤት ተከታተያት፣ ትንፋሿ በደቂቃ ከሠላሳ ካለፈ ግን ሰዓትም አትዪ፣ ደውዪ አልኳት። ጠዋት ማታ ትደውል ነበር።»

«ጉንፋን ነበር» አለች ችኬ። ድምፅዋ ግን ቀጠነ።

«ለምን ለሷ አትነግሪያትም ብያት ነበር። ‹ከነገርኳት ትጮኻለች፣ ስትጮኽ እማዬ ትሰማለች። እማዬ ልጅሽ ታማለች የሚል ወሬ ከሰማች እንኳን የጠመኔ መስመር ግንብም አያቆማት› አለችኝ። እውነቷን ነው። በዚያ ሳንባቸው አይተርፉም ነበር።»

«ከዚያስ? ከዳንኩ በኋላስ? አምስት ዓመት ሙሉ?»

ሾፌሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሱን እኔን ጠይቂኝ። አውቅ ነበር። እኔም ካንቺ ጋር በመጣሁት ጦስ ቤቴ ተቆልፎብኝ ነው የከረምኩት፤ ደግነቱ መስኮቶቹ አተረፉኝ መሰለኝ፣ አልታመምኩም። ስንቴ ንገሪያት ብያታለሁ። ‹ጋሼ፣ ከነገርኳት እግሬ ላይ ትወድቃለች። እህቴ ባለ ውለታዬ ብላ አንገቷን ደፍታ ከምትመጣ፣ ቀና ብላ ብታኮርፈኝ ይሻለኛል። ኩርፊያ ጤና ነው፤ ያኮረፈ ሰው በሕይወት አለ› ትለኛለች። አስምላኝ ነው ዝም ያልኩት። ስትማማሉ የምትኖሩ ቤተሰብ።»

ችኬ «ደብተሯን ያምጡልኝ» አለች። «የልኬት ደብተሯን። ያኔ ሙቀቴን የምትጽፈው እሱ ላይ ነበር።»

«ማሽኑ ላይ ነው። ራስሽ ግቢና አምጪው።»

ችኬ ከወንበሯ አልተነሳችም። ሾፌሩ ተነፈሱና ተነስተው ገቡ።

ችኬ ፊደል ብዙ አትገፋም፤ ቁጥር ግን ታውቃለች። ያረጀውን ደብተር ገለጠች። የደንበኛ ስም፣ ወገብ፣ ትከሻ፣ ክንድ። እንደገና የደንበኛ ስም። መሀል ላይ የራሷን ስም አገኘችው። የወገቡና የትከሻው ቦታ ባዶ ነው፤ ሥሩ በቀን በቀን ሁለት ሁለት ቁጥር ተደርድሯል።

«5ኛ ቀን። 38.6። 24።»

«ሠላሳ ሰባት ነበር ያለችኝ» አለች ችኬ ለማንም ሳይሆን።

«8ኛ ቀን። 39.2። 29።» ሃያ ዘጠኙ ሥር ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል፤ እርሳሱ ወረቀቱን ቀዶታል።

ነርሷ ጣቷን አሳረፈችበት። «ሁለተኛው ቁጥር ትንፋሽሽ ነው። ያን ቀን አሥር ጊዜ ደውላለች።»

ችኬ እትዬ ከመስመሩ ዳር ሆና ያለቻት ትዝ አላት። ቀሚስሽን ነው የማየው። ደረቱ ጠቦሻል።

ገጹ ግርጌ ላይ ከቁጥሩ ቀጥሎ ጽሑፍ አለ። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀመች አነበበችው። «21ኛ ቀን። 36.5። 16። ወጣች። እማዬ አንድም ቀን አላሳላትም። ተመስገን።»

ደብተሩን ዘጋችና ደረቷ ላይ ያዘችው። የእማዬ ሳል ከውስጥ ይሰማ እንደሆነ አዳመጠች። አይሰማም። አምስት ዓመት። በየሳምንቱ ያየችው የእማዬ ፊት፣ የሰማችው ሳቅ፣ ይህ ሁሉ ማን የሰጣት ነው?

ተነሳች። ደብተሩን ለነርሷ ሰጥታ ወደ ጀሪካኑ ሄደች።

«መሐላሽስ?» አሉ ሾፌሩ ቀስ ብለው።

«አባቴ ቢጠይቅ እትዬ አጠገቡ አለች» አለች ችኬ። «እሷ ትመልስልኝ።»

እጅጌዋን ሰበሰበች። ሳሙናውን ከካልሲው አወጣችና አሸተተችው። ያው ዓይነት ነው፣ ያኔ ርካሽ ነው ብላ የሰደበችው። ሎሚ ሎሚ ይሸታል። አፍንጫዋን እላዩ ላይ አድርጋ ቆየች። ከዚያ አንድ፣ ሁለት እያለች፣ በጣቶቿ መሀል፣ በጥፍሮቿ ሥር፣ እስከ ሃያ ቆጥራ ታጠበች።

ሦስተኛው ሴራሚክ ጋ ስትደርስ እግሯን ከፍ አድርጋ ተሻገረች፤ የሌለው ጠመኔ እንዳይጠፋ።

ሳሎኑ ውስጥ ማሽኑ እንዳለ ነው። መርፌው ሥር ያላለቀ ጨርቅ ተይዟል፣ ወንበሩ ባዶ ነው። ከማዶ እማዬ ትራሷን ተደግፋ ታያታለች። «ታጠብሽ?» የሚላት ሰው አልነበረም። ችኬ ባዶው ወንበር ፊት ቆመችና እርጥብ እጆቿን ዘረጋች፣ ፊቱን፣ ከዚያ ጀርባውን።

«ታጥቤያለሁ፣ እትዬ» አለች።

ሾርባውን አንስታ ወደ እማዬ ሄደች።