ሦስተኛ የተጠየቀችው

ባለቤቴ ፕሪስካ ኬሙንቶ ለምክትል ፕሬዚዳንት ዕጩነት መመረጧን የሰማሁት የጎረቤታችንን የኦምባቲን ላም ሳዋልድ ነው። የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ እጄ እስከ ክርኔ ደም ነበር። ፕሪስካ አጥሩን ተደግፋ ቆመችና፣ «ዛብሎን፣ ሉታ ደውሎ ነበር» አለችኝ። ሉታ የፕሬዚዳንት ዕጩው የዋፉብዋ ቀኝ እጅ ነው።

«ምን አለሽ?»

«ለቅዳሜ ልብስ ያዘጋጁ አለኝ። አብሬው የምወዳደረው እኔ ነኝ።»

ላሚቱን ይዞልኝ የነበረው ኦምባቲ ጅራቷን ለቆ ጮኸ። ከዚያ ወዲያ ምስጢር የሚባል ነገር አልነበረም። እኛ መንደር ኦምባቲ የሰማውን ሬዲዮ መድገም አያስፈልገውም።

የታጩት ሦስት ነበሩ፤ ጋቶጎ የሚባል ከተራራው ግርጌ የመጣ ባለጠጋ፣ ሙዋኪዮ የሚባል የሞምባሳ ጳጳስ፣ እና ፕሪስካ። ፕሪስካ ሁለት ጊዜ ፓርላማ ገብታለች። ዋፉብዋ በታሰረ ጊዜ ፍርድ ቤት ደጃፍ ያደረችለት እሷ ናት። የፓርቲው ሽማግሌዎች ሦስቱንም ጠርተው ጠየቁና የሷ መልስ በለጠ ተባለ። አመንን። ለምን አናምንም?

ቅዳሜ ናይሮቢ ሄድን። ዘመዶቻችን ግቢያችን ውስጥ በሬ ጥለው ቀሩ። ስታዲየሙ ጢም ብሏል። ከመድረኩ ኋላ ወዳለው ክፍል ስንገባ ጋቶጎ ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ፣ ሚስቱን ከጎኑ አድርጎ ተቀምጧል። ለካ ለሱም ልብስ አዘጋጅ ብለውት ኖሯል። ሰላም ተባባሉ። ከዚያ በኋላ የሁለቱም ሥራ በሩን በሩን ማየት ሆነ።

ዋፉብዋ ገባና ፕሪስካን ትከሻዋን አቅፎ ወደ መስኮቱ ወሰዳት። ተከትያቸው ሄድኩ።

«እህቴ፣ ስንከራከር ከረምን። የነጋቶጎ ተራራ ብዙ ድምፅ አለው።»

«የኛስ?»

«ያንቺ ሰዎች መቼም የትም አይሄዱብኝም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ነገር ልለምንሽ። ጋቶጎን ምክትሌ አድርገሽ ለሕዝቡ አንቺ አስተዋውቂልኝ። ካንቺ አፍ ሲወጣ ያምራል።»

ትጮኽበታለች ብዬ ጠበቅኩ። «ስንት ደቂቃ አለኝ?» ብቻ አለች።

ወጣች። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት የጋቶጎን እጅ ይዛ ወደ ላይ አነሳች። ድምፅዋ ንቅንቅ አላለም። ለዕለቱ ያሰፋችው አረንጓዴ ቀሚስ አምሮባት ነበር፤ እሱን አስታውሳለሁ።

ስንመለስ መንገድ ላይ ጥብስ በቆሎ ገዛሁላት፤ በላች። ቤት ስንደርስ ሰዉ እንደ ለቅሶ ቤት ተደርድሮ ተቀምጧል። ሥጋው በየድስቱ፣ ኡጋሊ የምንለው የበቆሎ ገንፎ በየሳፋው ቀዝቅዟል፤ የነካው የለም። አክስቷ ቦሲቦሪ ተነሱና፣ «ልጄ፣ ይሄን ሥጋ ምን እናድርገው?» አሏት።

«ብሉት እንጂ፣ አክስቴ።»

«በምን አንጀታችን?»

ኦምባቲ ሳህን አነሳ። «እኔ በራሴው አንጀት ነው የምበላው። በሬው እንደሆነ ተነስቶ አይሄድ!»

አንዳንዱ ሳቀ፤ ሌላውም ቀስ በቀስ መብላት ጀመረ። ፕሪስካ እየዞረች እጅ አስታጠበች።

ከዚያ ወዲያ አልታመመችም፤ አላለቀሰችም። ጠዋት ተነስታ ሻይ ቅጠል ትለቅማለች። ሲጠሯት አቤት ትላለች። ስትተኛ እንቅልፍ ይወስዳታል፤ የማልተኛው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ቢቸግረኝ፣ «ኧረ ባክሽ አንድ ጊዜ እንኳ ስደቢው!» አልኳት።

«ማንን?» አለችኝ። እየቀለደች አልነበረም።

ዕጩዎች ለምርጫ ቦርድ የሚቀርቡበት ቀን ሲቃረብ ጋቶጎ ከድቶ ወደ ዋፉብዋ ተቀናቃኝ ገባ። ወሬውን ሰምተን ሳንጨርስ የሉታ መኪና ግቢያችን ቆመ።

«እትዬ ፕሪስካ፣ አለቃ ስልክ ላይ ናቸው፤ እባክዎ ያናግሯቸው» ብሎ ስልኩን ዘረጋላት። ድምፁን ከፍ ስላደረገው ሁላችንም እንሰማለን።

«ፕሪስካ! ይኸው እግዜር ወደ ቀድሞ ሐሳቤ መለሰኝ!»

«ከጋቶጎ በኋላ መጀመሪያ የደወልከው ለኔ ነው?»

ሉታ ጫማውን ማየት ያዘ።

«ለጳጳሱ ደውዬ ነበር። ቤተ ክርስቲያኔ አትፈቅድልኝም አለ።»

«ሦስተኛ ነኝ ማለት ነዋ።»

«አንቺ እኮ የቤት ሰው ነሽ። የቤት ሰው በተራ አይቀየምም።»

ኦምባቲ ከደጃፍ ሆኖ፣ «እምቢ በይው!» እያለ በእጁ ይጠቅሳታል። እኔም የተመኘሁት ያንኑ ነው። ፕሪስካ ከጣቷ ላይ የተጣበቀውን የሻይ ቅጠል አላቀቀች።

«እሺ» አለች። «መቼ ልምጣ?»

ሉታ ከሄደ በኋላ ምን ነካሽ አልኳት።

«ንዴቱን ስጠብቀው ነበር፣ ዛብሎን። ይመጣል ብዬ ነው ስንተኛ እንደሆንኩ የጠየቅኩት። አልመጣም። እሺውም እምቢውም እኩል ሆኑብኝ፤ አፌ ላይ የቀረበው እሺው ነበር።»

በየግድግዳው በጋቶጎ ፎቶ ላይ የሷ ፎቶ ተለጠፈ። ከመኪና ጣሪያ ላይ ቆማ በፀሐይም በዝናብም ተናገረች። ያዘዟትን ሁሉ አሳምራ ሠራች፤ ማንም እንከን አላወጣላትም። ተሸነፉ። ውጤቱ በተነገረ ዕለት ዋፉብዋ ደውሎ አለቀሰ፤ አጽናናችው። ስልኩን ዘግታ ራት ምን እንዳለ ጠየቀችኝ።

ከወራት በኋላ ገበያ ወጣን። አንዲት ሙዝ ሻጭ ባልቴት ፕሪስካን አተኩረው አዩዋት።

«አንቺ እዚያ ግድግዳው ላይ የነበርሽው አይደለሽም?»

«ነኝ፣ እማማ።»

«እሰይ፣ ድነሻል! እኔ ማንበብ አልችልም። ፊትሽን ሳየው የማሳከሚያ ገንዘብ የሚለመንልሽ መሰለኝ። እሑድ እሑድ ስጸልይልሽ ነበር እኮ።»

ልስቅ አልኩና ፕሪስካን አየኋት። የያዘችውን ሙዝ መልሳ አስቀመጠችና ከሴትየዋ ጎን ጆንያው ላይ ቁጭ አለች።

«አልዳንኩም፣ እማማ።»

«እንግዲያማ አላቆምም» አሉ ሴትየዋ፤ ለሌላ ገዢም ሙዝ ማንሳት ጀመሩ።

ገበያው እስኪበተን ከዚያ አልተነሳችም። እኔም ዘንቢሉን ይዤ ቆሜ ጠበቅኳት።