የተኛው ስሎት የማን ነበር?

ይህ ታሪክ የውሸት ቅንጣት የለበትም፤ ካለበት የባሮ አዞ ይብላኝ። ያን ሰኞ ጋምቤላ ላይ የወረደው ሙቀት ዶሮ እንቁላሏን ቀቅላ እንድትጥል የሚያደርግ ነበር። አስማረን ያቃጠለው ግን ፀሐይዋ ሳትሆን ጋትደት ነው።

ሁለቱ የአንድ የእርዳታ መጋዘን ዳታቤዝ ጠባቂዎች ናቸው፤ የክፍል ኃላፊነቱ ለአንዳቸው ሊሰጥ ነው። ጋትደት ለትየርኪዲ መጠለያ የዳታቤዙን ቅጂ ሲዘረጋ አለቃቸው ወይዘሮ የምሥራች “ጎበዝ” አሉት። ያቺ ቃል የአስማረን ቆሽት አሳረረችው። በሳምንቱ እሱም ለመቲ ከተማ ቅጂ ዘረጋ።

“ወንድሜ፣ መቲ ይህን መች ጠየቀች?” አለው ጋትደት።

“ለትየርኪዲ አንድ ካስፈለገ ለመቲ ሦስት ይገባታል።”

ዋናው ሰርቨር ለእያንዳንዱ ቅጂ ስሎት የሚባል ቦታ ይዞ፣ ቅጂው ያልወሰደውን ለውጥ ሁሉ ያቆይለታል። ቅጂው ሥራ አቁሞ ቢተኛም ሰርቨሩ ተስፋ አይቆርጥም፤ ለቀረው ሰው ምሳ እየከደነ ያስቀምጣል፣ ምሳው እየተከመረ ቤቱን እስኪሞላው ድረስ።

ሰኞ ጠዋት የሰርቨሩ ዲስክ በእንዲህ ያለ ክምር ሊሞላ ጫፍ ደረሰ። ዲስኩ ከሞላ መጋዘኑ አንዲት ከረጢት እህል እንኳ ማስወጣት አይችልም። አስማረ ግን በደስታ ጨፈረ፤ የተኛው የጋትደት ቅጂ ለመሆኑ ምን ጥርጥር አለው? ኔትወርክ በሌለበት አገር የተዘረጋ ነገር! ከሰርቨሩ ጋር ትንቅንቅ ገጠመ። ሰርቨሩ ሲያጓራ የከተማው መብራት ብልጭ ድርግም አለ። በመጨረሻ የትየርኪዲን ስሎት ከነሥሩ ነቅሎ ጣለው። ዲስኩም እፎይ አለ፤ እፎይታው ኢታንግ ድረስ ተሰማ።

ረቡዕ ወይዘሮ የምሥራች ኃላፊውን ሊሰይሙ ሰበሰቧቸው። አስማረም ይህንኑ ታሪክ ከሙቀቱ ጀምሮ አንድም ሳያስቀር ተረከ፤ እዚህ ከተጻፈው ጥቂት ጨምሮ ሊሆን ይችላል። ሲጨርስ ጋትደትን በጎን አየው። ጋትደት ጫማውን ያያል።

“ሰኞ ከአስማረ ጋር ማን ነበር?” አሉ ወይዘሮ የምሥራች።

“እኔ ነበርኩ፣ እትዬ” አለች የክፍሉ ጀማሪ ሠራተኛ ዘኪያ፣ ከኋላ ወንበር፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። “ጋሽ አስማረ የትየርኪዲን ስሎት ሊሰርዙ ሞክረው ነበር። ቅጂው እየሠራበት ስለሆነ ሰርቨሩ እምቢ አላቸው። ዛሬም እየሠራ ነው።”

“የተኛው ታዲያ የቱ ነው?”

“የመቲው። ሰው ከትየርኪዲው ወደ ኋላ ይቀራል ሲላቸው ጊዜ ጋሽ አስማረ ተናደው ማሽኑን አጠፉት፤ ከዚያ ወዲህ አልከፈቱትም። ሰኞ የመቲውን ስሎት የሰረዘው ጋትደት ነው። ጋሽ አስማረ ምሳ ወጥተው ነበር።”

አስማረ ላቡን ጠረገ። “በዚያ ሙቀት…” አለ።

“ሙቀትም አልነበረም፣ ጋሼ” አለች ዘኪያ። “ሰኞ ከጠዋት ጀምሮ ሲዘንብ ነው የዋለው።”