ጎማው የበላው ብረት

የጤና ጣቢያው ዘበኛ በሩን በርግዶ ገባና፣ «ሲስተር፣ ኧረ ይድረሱ! መኪናዎ ሥር ደም ፈሷል!» አለ።

አዋላጇ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ደም አይታለች። ተረጋግታ ወጣች፤ ጎንበስ ብላ ቀዩን ፈሳሽ በጣቷ ነካች፤ አሸት አሸት አድርጋ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው።

«ደም አይደለም» አለች። «ደም ቢሆንማ ምን እንደማደርግ አውቅ ነበር።»

ዘይት ነው። ቀይ፣ ቀጭን፣ የሚያሟልጭ ዘይት። መኪናዋ እንደ ባለቤቷ ዕድሜዋ የገፋ ናት፤ በሯ ሲዘጋ ሰፈሩ ይሰማል፤ ግን ምጥ ወደያዛቸው ሴቶች ስታመላልሳት ኖራ አንድም ቀን መንገድ ላይ ጥላት አታውቅም።

መጀመሪያ ለቤቷ ወደሚቀርበው ጋራዥ ወሰደቻት። እዚያ ያለው ሰውዬ ሥሯን በባትሪ አየት አደረገና፣ «ካምቢዮው፣ የማርሹ ሳጥን፣ አልቆለታል፤ ወርዶ በሌላ ይቀየር» አላት። በአንድ ደቂቃ እይታ ተስፋ የሚያስቆርጥ ሐኪም አምና አታውቅም፤ ይሄንንም አላመነችውም። የቀራት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ታናሽ ወንድሟ።

ወንድሟን ያሳደገችው እሷ ናት። እናታቸው ስትሞት እሷ ሃያ፣ እሱ አምስት ዓመቱ ነበር። ያኔ ጩጬ ብላ የጠራችው፣ ዛሬ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ጢሙ የሸበተ ሰው ሆኖም ጩጬ ነው። አስተምራ፣ አስጠንታ፣ የሕክምና ትምህርት ቤት አስገባችው። በሁለተኛው ዓመት ጥሎ ወጣና ጋራዥ ተቀጠረ። ያን ቀን፣ «ያን የመሰለ እጅህን ለቆሻሻ ሰጠኸው» አለችው። ከዚያ ወዲህ ተኳርፈው አያውቁም። ይጠያየቃሉ፤ ሁለቱንም ልጆቹን ያዋለደችው እሷ ናት። እሱ የሚሠራበት ቦታ ግን እግሯ ረግጦ አያውቅም። እንዲሁ እንዳለ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነ።

ቅዳሜ ጠዋት ሄደች።

ጩኸትና ዝርክርክ ነበር የጠበቀችው። ያገኘችው የተጠረገ የሲሚንቶ ወለል ነው። ግድግዳው ላይ ቁልፎቹ ከትልቅ እስከ ትንሽ ተደርድረው ተሰቅለዋል፤ ከእያንዳንዱ በስተጀርባ ቅርጹ በነጭ ቀለም ተስሏል፤ አንዱ ቢጠፋ ባዶ ቦታው ራሱ ይናገራል። የምጥ ክፍሏን መሣሪያ በዚህ ዓይነት ለማስቀመጥ ስንት ዓመት ከሠራተኞቿ ጋር እንደተጨቃጨቀች ትዝ አላት።

«እትዬ!» አለ ወንድሟ፣ መኪና ከሚሠራበት ጉድጓድ ውስጥ አንገቱን ብቅ አድርጎ። «ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። መኪናዬ ትፈሳለች።»

ወጥቶ እጁን ታጠበና ጠየቃት። ከመቼ ጀምሮ? ስትቆም ነው ወይስ ስትሄድ? ከረጅም መንገድ በኋላ ይብሳል? ማርሽ ስትቀይር ትንገጫገጫለች? መልሷን እስክትጨርስ አያቋርጣትም። መኪናዋን ጉድጓዱ ላይ አስነድቶ ገባ፤ ሥሯን በጨርቅና በብሩሽ ብረቱ እስኪያበራ አጸዳ። ከዚያ ቆሞ ይመለከት ጀመር።

«ምን እየጠበቅክ ነው?» አለችው ከላይ።

«ከየት እንደሚመጣ እስኪነግረኝ ነዋ።»

ከካምቢዮው ጭራ፣ ረጅሙ ዘንግ ወደ ኋላ ጎማ ከሚወጣበት ቦታ፣ አንዲት ቀይ ጠብታ ቀስ ብላ አበጠችና ወደቀች።

«አገኘኋት። ካምቢዮሽ ጤነኛ ነው፤ ያለቀው ‹ኦይል ሲል› የሚሉት ነው። ዘንጉ እየዞረ ሲወጣ ዘይቱ አብሮት እንዳይወጣ የሚይዝ ቀለበት ነው። ነይ ውረጂ፤ ቱታ ልበሺና ላሳይሽ።»

ሁለቱ ሠራተኞቹ ተያዩ። አዋላጇ የወንድሟን ቱታ እጅጌና እግሩን ሦስት ጊዜ አጥፋ ለብሳ ወረደች።

የመኪናዋን ጀርባ በክሪክ ከፍ አደረገው፤ ዘይቱ ወደ ፊት ይሸሻል፣ ብዙም አይፈስም አላት። ረጅሙ ዘንግ የተጋጠመበት ላይ በነጭ ቀለም ምልክት አደረገ። «ሠላሳ ዓመት አብረው ዞረው ተላምደዋል፤ እንደነበሩ ካልመለስኳቸው ይንቀጠቀጣሉ።» አራቱን ቡሎን ፈትቶ ዘንጉን በጥንቃቄ አጋደመው። ከዚያ መሀል ላይ ያለውን ትልቅ ዳዶ ረጅም ቧንቧ ባጠለቀበት ቁልፍ ያዘና ተንፍሶ ሳበ። ብረቱ ጮኸ፤ ተንቀሳቀሰ። አንገት ያለውን መጋጠሚያ አወጣ። ከኋላው፣ የካምቢዮው ቀዳዳ ውስጥ ተቀርቅሮ፣ ጥቁር ቀለበት ታየ። በመንጠቆ ዙሪያውን እየነካካ አላቆ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት።

አምባር ታክላለች። ውጭዋ ብረት፣ ውስጧ ጎማ። ጎማው ወደ ውስጥ እየሳሳ ሄዶ ጫፉ ላይ እንደ ዓይን ቆብ ቀጭን ሆኗል፤ ጀርባውን ደግሞ የፀጉር ያህል ከቀጠነ ሽቦ የተጠመጠመች ስፕሪንግ ታቅፋዋለች።

«ይህችው ናት?»

«ይህችው ናት። መንገድ ላይ ስትሄጂ ዘንጉ በደቂቃ ሁለት ሺህ ጊዜ ይዞራል። ዘይቱ ይግላል፣ ውጭ አቧራና ጭቃ አለ። በመሀል ያለችው ይህች ከንፈር ብቻ ናት።»

አዋላጇ ያሽከረከረችበትን መንገድ ሁሉ ለማሰብ ሞከረች፤ ስንት ዳገት፣ ስንት ዝናብ፣ ከኋላ ወንበር ስንት የምታቃስት ሴት። አልቻለችም።

«ገና ነው» አለ ወንድሟ። ቀለበቷ ውስጥ የሚዞረውን የመጋጠሚያውን አንገት ጠርጎ ወደሷ አዞረው። «ዓይንሽን ጨፍኚና በጥፍርሽ ሂጂበት።»

ጨፈነች። ብረቱ እንደ መስታወት ልሙጥ ነው። ድንገት ጥፍሯ ገባ አለ። ዙሪያውን ተከተለችው፤ ሙሉ ክብ የሆነ ስስ ቦይ ነው።

«ብረቱ ነው እንዴ ጎማውን የበላው?»

«አይደለም፤ ጎማው ነው ብረቱን የበላው።»

ዓይኗን ገልጣ አየችው። የሚቀልድባት መሰላት።

«እውነቴን ነው እትዬ። አቧራ ያግዘዋል፤ ግን በላው። አዲሱን እዚያው ቦታ ላይ ባስቀምጠው ቦዩ ላይ ያርፍና መልሶ ይፈሳል። ስለዚህ ሁለት ሚሊ ያህል ወደ ውጭ አስቀርቼው፣ ከንፈሩ ያልተነካ ብረት እንዲያገኝ አደርጋለሁ።»

የቀለበቷን ጎማ በጣቷ ተጫነችው፤ ታጠፈላት። ከዚያ የብረቱን ቦይ እንደገና ዳሰሰች።

አዲሱን ቀለበት ዘይት ቀባው፤ ቀዳዳው አፍ ላይ አስተካክሎ ልክ የሚሆን ቧንቧ አስደገፈበትና በትንሽ መዶሻ መታ መታ ያደርግ ጀመር። ድምፁ አንድ ዓይነት ነበር። ድንገት ተለየ። መዶሻው ቆመ።

«ምን ሆነ?»

«አንዱ ጎን ቀድሞ የገባ መሰለኝ። እንዲህ ሲሆን ስፕሪንጓ ከቦታዋ ትወጣለች። ከውስጥ በኩል ስለሆነች ደግሞ አትታይም።» ጣቱን ከካምቢዮው በወጣው አጭር ዘንግና በከንፈሩ መሀል ለማስገባት ሞከረ፤ አልገባም። የራሱን ጣት እንደ ጠላት አየው።

አዋላጇ ሳትጠይቀው እጇን ታጠበችና ትንሿን ጣቷን ዘይት ውስጥ ነክራ አስገባች። ዓይኗን ጨፈነች። ሠራተኞቹ ከላይ አጎንብሰው ይመለከቷት ጀመር።

«ከታች አለች... በግራ አለች... እዚህ ላይ የለችም። ከላይ ወጥታለች፤ የጥፍር ያህል።»

ወንድሟ መንጠቆውን አነሳና አዲሱን ቀለበት አበላሽቶ አወጣው። ስፕሪንጓ ከላይ በኩል፣ የጥፍር ያህል፣ ወጥታ ነበር።

«አሁንስ?» አለች ደንግጣ።

«ሁልጊዜ ሁለት ነው የማመጣው። አንዱ ለመኪናው፣ አንዱ ለእጄ ጥፋት።» ሁለተኛውን ከካርቶኑ አወጣ። ወዲያው ግን አልጀመረም። «ሁለተኛው ግን እምብዛም አያስፈልገኝም። ዛሬ አንቺ አጠገቤ ቆመሽ መዶሻው ጠመመብኝ። የፈተና ቀን መስሎኝ።»

እህትየው ዘይት የነካ ጣቷን በጨርቅ ጠረገች። ከዚያ፣ «ያን ቀን ስለ እጅህ ያልኩት...» ብላ ጀመረች።

«ተይው እትዬ።»

«አልተውም! አላወቅኩም ነበር። በቃ፣ አላወቅኩም። አሁን ምታ፤ እኔ ወደዚያ አያለሁ።»

ፊቷን ወደ ጉድጓዱ ግድግዳ አዞረች። ከኋላዋ መዶሻው ሄደ፤ ቀስ፣ እኩል፣ ዙሪያውን፣ ድምፁ ሳይለወጥ። ሲቆም ሳትጠራ ዞረችና ጣቷን አስገባች። ሙሉውን ክብ ዞረችው።

«ሙሉ ነው» አለች።

እሱ መልሶ አልመረመረም። መጋጠሚያውን አስገባ፣ ዳዶውን አጠበቀ፣ ዘንጉን በነጩ ምልክት አገናኝቶ አሰረ፣ የጎደለውን ዘይት ሞላ። አብረው ዳገቱን ወጥተው ወርደው፣ ሲመለሱ መኪናዋ ሥር ነጭ ወረቀት አነጠፉ። ከመኪና በተነቀለ አሮጌ ወንበር ላይ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው ወረቀቱን እንደ ቴሌቪዥን አዩት። አንድ ሰዓት ሙሉ ነጭ እንደሆነ ቀረ።

መሄድ ትችላለች። አልሄደችም።

«እዚያ ካምቢዮ ውስጥ ሌላ ምን አለ?» አለችው።

ወንድሟ ሳቀና ጥግ ወዳለው ጠረጴዛ ወሰዳት። የተከፈተ አሮጌ ካምቢዮ ተቀምጦበታል። ውስጡ አንድ ጥርሳም ብረት መሀል ላይ፣ ሦስት ትንንሾች በዙሪያው፣ ሁሉንም ያቀፈ ትልቅ ቀለበት ከውጭ።

«አዙሪው» አላት።

በአንድ ጣቷ መሀለኛውን ገፋችው። ሦስቱ ትንንሾች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ላይ እየዞሩ፣ ተያይዘው መሀለኛውን ይዞሩት ጀመር፤ ያለ አንዳች ድምፅ፣ አንዱ ሌላውን ሳይረግጥ። እጇን አነሳች፤ ቆሙ። እንደገና ገፋች።

«ማነው ይሄን ያሰበው?»

«እንጃ እትዬ። እኔም መጀመሪያ ያየሁት ቀን ነው ትምህርቱን የተውኩት።»

ቀና ብላ አየችው፣ ጎንበስ አለችና እንደገና አዞረችው። ሠራተኞቹ ምሳቸውን በልተው ሲመለሱ ሁለቱ እዚያው ቆመው ነበር፤ እሷ እያዞረች፣ እሱ እየነገራት።