የረፋዱ ዜና ሲዘገይ

«አንቺ ነሽ የምትነግሪያቸው» አላት ዳቦ ጋጋሪው፣ እስከ ክርኑ ዱቄት የለበሰ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ። «አንደበትሽ የለመደው ነገር ነው።»

ዜና አንባቢዋ ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆማ ከመንገዱ ማዶ ያለውን የእማማ ቀደሙኝን መስኮት ታያለች። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ብርዱ ከወጣ ወዲህ የከተማው መስኮት ሁሉ እንዲሁ ነው፤ ተዘጋግቶ የከረመ ቤት ጸደይ ሲገባ ፍራሹንም ምንጣፉንም ሐሜቱንም አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣል። በመንገዱ ዳርና ዳር ያሉት ዛፎች ነጭ አበባ አውጥተዋል፤ የረገፈው ከመንገድ ጠራጊዎቹ መጥረጊያ እያመለጠ በየሰዉ ደጃፍ ይገባል። እንዲህ ባለ ቀን ሰው መሞት አልነበረበትም ብላ አሰበች። ወዲያው ሐሳቧ አሳፈራት፤ ለሞት ምን ወራት አለው።

የሞተው የእማማ ቀደሙኝ ልጅ ነበር። ያላቸው እሱ ብቻ ነው። ሩቅ ባለ ትልቅ ከተማ ለሚሠሩ ፎቆች ብረት የሚበይድ ጎልማሳ፣ ትናንት ማምሻውን ከቆመበት ርብራብ ላይ ወድቆ ሕይወቱ አለፈ። የሥራ ባልደረባው የደወለው ለጸጉር አስተካካዩ ነው፤ የሟች የልጅነት ጓደኛ ስለሆነ። ጸጉር አስተካካዩም ገና በማለዳ እማማ ቤት ሄዶ «ስልክዎ ድምፁ ይቆራረጣል አሉ፣ አምጡት ላሠራልዎ» ብሎ ተቀብሏቸው ወጣ፤ አንድ አላዋቂ ደውሎ እንዳያረዳቸው ብሎ ነው። ምስኪን፣ መርቀው ነው የሰጡት። ከዚያ ወዲህ ሱቁን አልከፈተም። ዳቦ ቤቱ ውስጥ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ይጠርጋል።

ከተማዋ ትንሽ ናት፤ አንዱ ሰፈር ያስነጠሰውን ሌላው ሰፈር «ይማርህ» የሚለው ዓይነት። ዜናዋም ዘወትር ረፋድ ላይ በየምሰሶው ከተሰቀሉት ድምፅ ማጉያዎች ይወርዳል፤ የሚነበበው ማዘጋጃ ቤቱ ፎቅ ላይ ካለች ጠባብ ክፍል ነው። ዜና ሲባል ያን ያህል ትልቅ ነገር አይደለም። ችግኝ የሚታደልበት ቀን፣ ውኃ የሚቋረጥበት ሰፈር፣ የጠፋ አውራ ዶሮ። ባለፈው ሰሞን የአውራ ዶሮው ባለቤት «የበላው ሰው ቢያንስ ማለዳ ማለዳ እየተነሣ ይጩህልኝ» ብሎ አስነግሮ ከተማው በሳቅ ፈርሷል። ሁሌም ደስታው ይቀድማል፤ ሞት መጨረሻ ላይ ይነበባል። ይህን ስታነብ ዕድሜዋን የፈጀችው እሷ ናት፤ ሰዉም ስሟን ትቶ ራዲዮ ይላታል፤ እሷም አቤት ትላለች።

አንድ የማይጣስ ሕግ አለ። የሟች ቤተሰብ ቤቱ ድረስ ተሄዶ ሳይረዳ የዕለቱ ዜና አይነበብም። የሞቱ ዜና ብቻ አይደለም የሚቆየው፤ ችግኙም ዶሮውም አብሮ ይቆያል። ድሮ አንዲት ሴት የባሏን ሞት ገበያ መሐል ከምሰሶ ሰምታ በወደቀችበት ስለቀረች ነው ይባላል። ስለዚህ ዜናው ሲዘገይ ከተማው ያውቃል። ሠራተኛው መዶሻውን ገታ አድርጎ ቀና ይላል፤ እናት በሆዷ ልጆቿ የት የት እንደዋሉ ታስባለች። የማን ቤት ይሆን?

በእንደዚያ ያለ ቀን ከሁሉ ቀድመው ጥቁር ሻርፕ ጣል አድርገው የሚወጡት እማማ ናቸው። ለቅሶ ቤት የደረሰ ሁሉ እሳቸውን ውኃ ጥደው፣ ወንበር ደርድረው ስለሚያገኛቸው «ቀደሙኝ» እንዳለ ቀረና ስም ሆኖ ወጣላቸው።

«ለማይክ ማንበብና ለሰው መናገር አንድ ነው እንዴ?» አለች ራዲዮ በመጨረሻ። «ማይክ ዓይን የለውም።»

«ታዲያ ማን ይንገራቸው? እኔ ነኝ?» አለ ዳቦ ጋጋሪው። «እኔ እንኳን ሞት ይቅርና ዳቦ አልቋል ማለትም አልሆነልኝ።»

ማንም አልሳቀም። እሷ ቀድማ ልትገባ፣ አስቀምጣ ቀስ ብላ ልታረዳቸው ተስማሙ። ጎረቤቱ እዚሁ ይጠብቃል። ለቅሶ ሲሰማ ወይም እማማ ወደ ደጅ ሲወጡ ሁሉም ይደርስላቸዋል፤ ዳቦ ጋጋሪውም ዜናው እንዲነበብ ለማሽን ጠባቂው ይደውላል። ማሽን ጠባቂው ዛሬ በእሷ ፋንታ እንዲያነብ ወረቀቱን የተቀበለ ሽማግሌ ነው። ንባቡ አስም ያለበት ሰው ደረጃ እንደሚወጣው ነው፤ በየቃሉ ያርፋል።

እማማን ያገኘቻቸው በልጃቸው ክፍል ነው። አልጋውን ወደ መሐል ስበው፣ በላዩ አሮጌ ጋዜጣ አልብሰው፣ በባልዲ ኖራ በጥብጠው ግድግዳ ይቀባሉ። ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገዋል፤ ጸጉራቸውን በፌስታል ሸፍነዋል።

«እሰይ፣ እግዜር ነው ያመጣሽ» አሏት። «ላይኛው አልደርስ ብሎኝ ጣሪያውን ስሳደብ ነበር። ቁመቱን ለአንቺ ሰጥቶ ምላሱን ለእኔ ሰጠ።»

«እማማ፣ እስኪ አንዴ ቁጭ ይበሉ።»

«ቁጭ ብዬ ኖራው ይድረቅ? ልጁ ቅዳሜ ይመጣል። ይህን ግድግዳ አይቶ ‹እማዬ፣ እኔ ስሄድ ቤቱ ያለቅሳል እንዴ› ይለኛል። ያዢ።»

ብሩሹን እጇ ላይ አኖሩላት። ያዘችው። መያዝ አልነበረባትም፤ ወለሉ ላይ አስቀምጣ ሁለት እጃቸውን መያዝ ነበረባት። ነገር ግን እጇ ሥራ ሲያገኝ አፏ እፎይ አለ። ወንበር ላይ ወጥታ መቀባት ጀመረች።

እማማ ከታች ባልዲውን ደግፈው ያወራሉ። ቅዳሜ የሚመጣው ጠቅልሎ ነው። የሰው ፎቅ ሲሠራ ጉልበቱ አለቀ፤ አሁን እዚሁ ደጃፋቸው ላይ የራሱን መበየጃ ቤት ይከፍታል። «ጎረቤት ጩኸቱ አስመረረን ቢለኝ ምን እላለሁ መሰለሽ? ልጄ ነው፣ ይጩህበት እላለሁ። ስንት ዓመት ሙሉ ይህ ቤት ጸጥ ብሎ አልኖረም?»

ራዲዮ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ባሏ የሞተ ቀን እሷን ያረዷት እኚሁ ሴት ነበሩ። አሁን ወንበሩ ላይ ቆማ የዚያን ቀን ቃላቸውን ፈለገች፤ ምን ብለው ነበር የጀመሩት? አንድም ቃል አልመጣላትም። ትዝ የሚላት በደንብ ያልተዘጋ ቧንቧ ሲንጠባጠብ ነው፤ ሽንኩርት ሽንኩርት የሚል እጃቸው ነው፤ ያን ዕለት ነጠላ ጫማዋን ግራና ቀኙን አቀያይራ አድርጋ እንደዋለች ነው። ከተናገሩት ምንም የለም። እናቷ በሞተች ጊዜ እንኳ የባሏን ሞት ያህል አላዘነችም ነበር፤ ባሏ የሞተ ዕለት ግን እኚህ ሴት እዚያው አድረው፣ ሰንብተው፣ እንድትበላ ተቆጥተዋት አተረፏት። ዛሬ ውለታቸውን የምትመልሰው በዚህ ነው እንግዲህ።

«እማማ» አለች፣ ወደ ግድግዳው እንደዞረች።

«እ?»

«ኖራው ቀጠነ።»

ምላሷን ቆርጣ ብትጥለው በወደደች። እማማ ግን «እውነትሽን ነው» ብለው ጎንበስ አሉና ጨምረው በጠበጡ።

ግድግዳው ነጣ። በመስኮቱ የገባችው ፀሐይ ከአልጋው ላይ ወርዳ ወለሉን ይዛለች። ከመንገዱ ማዶ የሰው ድምፅ አይሰማም፤ ያ ሁሉ ሰው እዚያ ቆሞ እስትንፋሱን ይዞ እንደሚጠብቃት ራዲዮ ታውቃለች። ይህን ግድግዳ ስጨርስ እነግራቸዋለሁ አለች። ግድግዳው አለቀ። የመስኮቱን ዙሪያ ልጨርስ አለች።

እማማ ድንገት ወሬያቸውን አቋረጡ። ራሳቸውን ዘመም አድርገው ወደ ውጭ አዳመጡ።

«ዜናው ዛሬ ቀረ እንዴ?»

ራዲዮ ብሩሹን እንዳነሣች ቀረች።

«አንቺ እዚህ ነሽ» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። «በዚህ ሰዓት አንቺ እዚህ ከሆንሽ…» ዓይናቸው ቀስ ብሎ እንባ አቀረረ። ገባቸው አለች ራዲዮ በሆዷ፤ አወቁ፤ ተመስገን፣ ሳልናገር አወቁ።

«ወይ የሰው ነገር» አሉ እማማ። «ለካ ያልተረዳ ቤት አለ። እኔ ስለ ኖራ እለፈልፋለሁ፤ አንዲት እናት ይኸኔ ምንም ሳታውቅ ቤቷን ታሰናዳለች።»

ራዲዮ ከወንበሩ ወረደች። «እማማ፣ ይስሙኝ።»

«አትንገሪኝ» አሉ እጃቸውን አንሥተው። «ሕግሽን አውቃለሁ። ባለቤቱ ሳይሰማ እኔ ብሰማ ነውር ነው። ፊትሽ ግን ይናገራል። የምንወደው ሰው ነው፣ አይደል?»

«የምንወደው ነው» አለች። ያ ከተማው ሁሉ የሚያውቀው ድምፅ ክር አክሎ ወጣ።

«በይ እንሂድ። እኔ ሳልደርስ ማን ውኃ ይጥዳል?» ፌስታሉን ከራሳቸው አወለቁ። እጃቸውን ሳይታጠቡ በሩ ጀርባ ከተሰቀለበት ጥቁሩን ሻርፕ አወረዱ። ራዲዮ ቀድማ በሩ ላይ ቆመች።

«አይውጡ፣ እማማ። ይቆዩ።»

«ምን ሆነሻል? ብቻዋን ትስማው ነው የምትይው?» አሉና ትከሻዋን ይዘው እንደ ሕፃን ገለል አደረጓት።

በሩ ሲከፈት ማዶ ያለው ሰው በሙሉ ቀና አለ። ያዩት ጥቁር የለበሱ እማማን ነው፤ ከኋላቸው ደግሞ እንባዋ ኖራ በነካው ጉንጯ ላይ መሥመር ያበጀባትን ራዲዮን። እንዲህ ሆነው ሲወጡ ተረድተዋል ማለት ነው፤ ሌላ ምን ይባላል? ጸጉር አስተካካዩ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ዳቦ ጋጋሪው ስልኩን ወደ ጆሮው ወሰደ። ራዲዮ ከእማማ ጀርባ ሆና እጇን አወናጨፈች፣ ራሷን ነቀነቀች፤ ገና ነው፣ አልነገርኳቸውም፣ ቆይ። እሱ ግን ሲያለቅስ እንዳይታይ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር።

ሴቶቹ መንገዱን ተሻግረው መጡ። ከፊት ያለችው መድኃኒት ሻጯ፣ ነጭ ጋውኗን እንኳ ሳታወልቅ፣ እማማን ጥምጥም ብላ አቀፈቻቸው። እማማም አቀፏት፤ ጀርባዋን መታ መታ አደረጉ።

«አይዞሽ፣ ልጄ፣ አይዞሽ» አሏት። «ያንቺ ቤት ነው እንዴ?»

መድኃኒት ሻጯ በእማማ ትከሻ በላይ የራዲዮን ፊት አየች። ክንዷ ላላ። «አይ… የእኔ አይደለም» አለች።

«ተመስገን። የማን ነው ታዲያ? ወዴት ነው የምንሄደው?»

እማማ የሰዉ እግር ወዴት እንደሚያመራ ለማየት መንገዱን ወደ ላይ አዩ፤ ወደ ታች አዩ። የሚሄድ የለም። ሁሉም ቆሟል፤ ሁሉም ፊቱን ወደ እሳቸው በር አዙሯል።

ያን ጊዜ ምሰሶው ላይ ያለው ድምፅ ማጉያ ተንኮሻኮሸና ጉሮሮውን ጠረገ።

«እስኪ ጸጥ በሉ» አሉ እማማ፣ አንድም የሚናገር ሰው ሳይኖር። «የማን ቤት እንደሆነ እንስማ።»

«ውድ… የከተማችን… ነዋሪዎች» አለ ማሽን ጠባቂው። «የጫማ ሰፊው… ባለቤት… ዛሬ ማለዳ… መንታ… በሰላም ተገላገለች።»

«እሰይ» አሉ እማማ በለሆሳስ። «እሰይ፣ ያሳድግልሽ።»

ራዲዮ ወረቀቱን በገዛ እጇ ነው የጻፈችው። ቀጥሎ የሚመጣው የወንዙ ድልድይ ቀለም መቀባት ነው፤ ከዚያ ሕፃናት የሚከተቡበት ቀን፤ ከዚያ ሌላ ደስታ የለም። ዕድሜ ልኳን ያነበበችውን ያህል ቃል ቢሰበሰብ አሁን ከሚያስፈልጋት አንዱን አይተካም። ሽማግሌው ድልድዩ ላይ ደርሶ አረፈ፤ ተነፈሰ። እሷ ከምሰሶውና ከእማማ መሐል ገባች። ኖራ የደረቀበትን እጃቸውን ያዘች፤ ሻካራና ሙቅ ነበር። ዓይናቸውን ፈለገች፤ ዓይናቸው ከእሷ አልፎ ወደ ላይ ነው።

«እማማ» አለች። «የእርስዎ ቤት ነው። ልጅዎ ነው።»

ብላዋለች። ጮክ ብላ፣ ጥርት አድርጋ፣ ሰው ሁሉ በሰማበት ብላዋለች፤ ከኋላ ጸጉር አስተካካዩ ሲንሰቀሰቅ ተሰማ። ሽማግሌው የክትባቱን ቀን እየቆጠረ ነው።

እማማ አንገታቸውን ወደ ጎን ዘንበል አድርገው በራዲዮ ትከሻ በላይ ወደ ምሰሶው ማየታቸውን ቀጠሉ።

«ዝም በይ፣ ልጄ» አሉ። «አላሰማሽኝም።»